የሌንስ መቁረጫ ማሽን ሲያስቸግር፦ ከአዲስ አበባ ቴክኒሻን ከመጥራታችሁ በፊት

ጅማ ውስጥ አንድ የሌንስ መቁረጫ ማሽን ሲቆም የሚጎዳው ባለሱቁ ብቻ አይደለም። ማዘዣዋን ይዛ ከሰቃ የመጣች እናት፣ ሰሌዳው የማይታየው ተማሪ፣ ያለ መነጽር መሪ መያዝ የማይችል ሹፌር፣ ሁሉም ይጠብቃሉ። ጥሬ ሌንሱ በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ተጭኖ የሚመጣ ስለሆነ አንድ ሌንስ በተበላሸ ቁጥር ሌላው እስኪደርስ ደንበኛው «ነገ ይመለሱ» እየተባለ ይመላለሳል። ቴክኒሻኑም ቢሆን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጦ ነው የሚመጣው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ የሚሠራው ሥራ የተደፈነ የውሃ ቀዳዳ መክፈት ነው።

ይህ መመሪያ በጅማም ሆነ በአጋሮ፣ በቦንጋም ሆነ በመቱ አነስተኛ የመቁረጫ ክፍል ይዘው ለሚሠሩ ባለሙያዎች ነው። ማሽኑ ኒዴክ ይሁን ኤሲሎር ወይም ሁቪትዝ፣ የአዝራሮቹ ስም ይለያይ እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። ትሬሰሩ የፍሬሙን ቅርጽ ያነባል። ብሎከሩ የሌንሱን መሃልና አክሲስ (አስቲግማቲዝምን የሚያርመው የሌንሱ ኃይል፣ ማለትም ሲሊንደሩ፣ የሚተኛበት አቅጣጫ በዲግሪ) ጠብቆ ብሎክ፣ ማለትም ማሽኑ ሌንሱን የሚይዝበትን ትንሽ መያዣ፣ በሚጣበቅ ፓድ ይለጥፍበታል። መቁረጫው ደግሞ ሌንሱን ከሁለት ወገን ጨምድዶ እያዞረ በአልማዝ ድንጋይ ይፍቀዋል። ብልሽቱ ከነዚህ ከአንዱ ወይም በዙሪያቸው ካለው ነገር፣ ማለትም ከመብራቱ፣ ከውሃውና ከፓዱ ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር አስቀድሜ አጥብቄ ልናገር፦ የማሽኑን ካሊብሬሽን (የልኬት ቅንብር) መጨረሻ ላይ እንጂ መጀመሪያ ላይ አትንኩ። ሌንስ ተንሸራቶ አክሲሱ 4 ዲግሪ ሲስት ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ 4 ዲግሪ ማካካስ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ያልተንሸራተተው ሌንስ ሁሉ 4 ዲግሪ ስቶ ይወጣል። አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል፤ ቴክኒሻኑም ሲመጣ ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። ቅንብር መንካት ግድ ከሆነም አስቀድማችሁ እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱ። አንድ ነገር ለውጣችሁ ሳትፈትሹ ሁለተኛውን አትለውጡ።

እጃችሁን ወደ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፤ ሶኬቱን ንቀሉ። ውሃና መብራት ጎን ለጎን የሚሠሩበት ማሽን ነውና የመሬት መስመሩ መኖሩን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስፈትሹ። ማሽኑን ስትነኩ እጃችሁን ነዘር ካደረገው ሥራ አቁሙ፣ ያ «ትንሽ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ማሽኑ አልነሳ ሲል ወይም መሃል ላይ ሲቆም

መጀመሪያ ክዳኑን እዩ። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ማሽኑ እንዳይሠራ የሚያደርግ ትንሽ ስዊች ወይም ማግኔት አለው፤ እዚያ ላይ የሌንስ ፍቅፋቂ ሲጋገር ክዳኑ የተዘጋ ይመስላል እንጂ ማሽኑ ክፍት ነው ብሎ ነው የሚያነበው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ሞክሩ። ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ ግን ፈጽሞ አይገባም፣ በሙሉ ፍጥነት በሚሽከረከር የአልማዝ ድንጋይ አጠገብ ጣታችሁን የሚጠብቀው እሱ ብቻ ነው።

ቀጥሎ መብራቱ። በስም 220 ቮልት የሆነው መስመር ማታ ማታ፣ ሰፈሩ የእንጀራ ምጣድ ሲያበራ ዝቅ ማለቱን ሁላችንም እናውቃለን። ቴስተር ካላችሁ ሶኬቱን ሁለት ጊዜ ለኩ፦ አንዴ ማሽኑ በርቶ ሳይሠራ፣ አንዴ ድንጋዩ ሌንስ እየፋቀ ሳለ። ብዙ ማሽኖች 10 በመቶ ያህል መዋዠቅ ይችላሉ፤ ይህም ከ198 እስከ 242 ቮልት ማለት ነው። የእናንተን ግን ከጀርባው ከተለጠፈው የስም ሰሌዳ አረጋግጡ። ያለ ሥራ 215 የነበረው ሥራ ሲጀምር 190 ከወረደ ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ የታመመው መስመሩ ነው። ምልክቶቹም ይታያሉ። ድንጋዩ ሌንሱን ሲነካ ድምፁ ይወርዳል፣ ስክሪኑ ጠፍቶ ይበራል፣ የውሃው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። መፍትሔው ለሞተር የሚሆን አቅም ያለው ስታቢላይዘር ነው። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኃይል ስለሚስብ ለኮምፒውተር የተሠራ ዩፒኤስ አይችለውም።

መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ። ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ታገሡ፣ ልክ እንደተመለሰ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ቦርድ ያቃጥላል። ተጨምድዶ የቀረውን ሌንስ በጉልበት አትመንጭቁት፤ ማሽኑ ሲበራ መልቀቂያውን ተጭናችሁ አውጡት። ማሽኑ ሲነሳ ክፍሎቹን ወዲያ ወዲህ እያንቀሳቀሰ ዜሮውን ይፈልጋል። ይህን መጨረስ አቅቶት የስህተት ቁጥር ካወጣ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያግደው በሐዲዱ ወይም በሌንስ መያዣው ዙሪያ የተጋገረ ፍቅፋቂ ነው። አጥፉት፣ ንቀሉት፣ በለስላሳ ብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ አጽዱት፣ እንደገና አስነሱት። በአየር ግፊት መንፋት ግን ዱቄቱን ወደ ኩሽኔታው ውስጥ ይከተዋል።

ውሃው

ከማንኛውም ክፍል በላይ ጅማ ላይ ማሽን የሚያስቸግረው ውሃ ነው። በክረምት ከቧንቧ የሚመጣው ይደፈርሳል፤ ሲጠፋም በጀሪካን የተቀዳ ውሃ ይገባል፣ ከጀሪካኑ ሥር ያለው ደለልም አብሮ። ውሃው የሚሠራው ሦስት ሥራ ነው፤ ሌንሱንና ድንጋዩን ያቀዘቅዛል፣ ፍቅፋቂውን ያጥባል፣ ዱቄቱ እንዳይቦን ይይዛል። ሲያንስ ጠርዙ ይሸራረፋል፣ የሚቃጠል ፕላስቲክ ይሸታል፣ በፀረ ነጸብራቅ የተለበጠ ሌንስ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ መስመር ይታያል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፖሊካርቦኔት የሚባለው የሌንስ ፕላስቲክ በብዙ ማሽኖች መጀመሪያ የሚፋቀው ያለ ውሃ ነው፤ ውሃው የሚመጣው ማጠናቀቂያው ላይ ነው። ፖሊካርቦኔት ስትቆርጡ «ውሃ የለም» ብላችሁ አትደንግጡ። ውሃውን የምትፈትሹት በተራው ፕላስቲክ፣ በሲአር 39 ነው።

ፍተሻው ከምንጩ ወደ ቀዳዳው ይሂድ።

1. ባልዲው ወይም ታንኩ ውስጥ ፓምፑ ሙሉ በሙሉ ሰጥሟል ወይ? ውሃው በትነት ቀንሶ ፓምፑ አየር ሲስብ የሚንኮራኮር ድምፅ ያሰማል።

2. የፓምፑን ሶኬት ንቀሉና ፓምፑን አውጡት። ከሥሩ ያለውን ወንፊት ክፈቱ። ግራጫ ጭቃ የመሰለ ዝቃጭ ታገኛላችሁ፤ የውስጡ ማሽከርከሪያ በጣት ሲነካ በነፃነት መዞር አለበት። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዱት።

3. ቱቦውን ከማሽኑ በኩል ፈታችሁ ባዶ ባልዲ ውስጥ አድርጉና ፓምፑን ለጥቂት ሰከንድ አስነሱ። ፓምፑ ጥሩ ከገፋ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው፣ ቫልቩ ወይም ቀዳዳዎቹ ጋ። ካልገፋ ፓምፑ ራሱ ወይም የታጠፈ ቱቦ ነው።

4. ቀዳዳዎቹን ፈልጉ። አብዛኛው ማሽን አንዱን ወደ ድንጋዩ፣ ሌላውን ክፍሉን ለማጠብ ያደርጋል። የሚፈቱ ከሆነ ፈታችሁ ግማሽ ሰዓት ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፏቸው፤ ነጩ የውሃ ድንጋይ ይለቃል። በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። በመርፌ መጎርጎር ቀዳዳውን አስፍቶ የውሃውን አቅጣጫ ያበላሻል። ስትመልሱት ውሃው ማረፍ ያለበት ሌንሱና ድንጋዩ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው፤ አንድ ጣት ያህል ቢስት ጠርዙ ላይ ይታወቃል።

ውሃው እየዞረ የሚሠራ ከሆነ ሁለት ባልዲ ተጠቀሙ። ከማሽኑ የሚወጣው በመጀመሪያው ይዘቅጥ፣ ጠርቶ የሚፈስሰው ወደ ሁለተኛው ይግባ፣ ፓምፑም ሁለተኛው ውስጥ ይቀመጥ። በሚመለሰው ቱቦ አፍ ላይ የናይለን ስቶኪንግ ማሰር ከፋብሪካ ማጣሪያ ባልተናነሰ ይሠራል። አረፋ ከበዛ አረፋ ማጥፊያ ጨምሩ እንጂ ሳሙና ወይም ኦሞ አታስገቡ። ሽታ ካመጣ ውሃው የሚለወጥበት ጊዜ አልፏል።

ዝቃጩን ግን ወደ ቦይ አትድፉት። ጅማ ላይ ከመንገዱ ዳር ቦይ የገባ መጨረሻው አዌቱ ወንዝ ነው፤ ይህ ዱቄት ደግሞ ፕላስቲክ ነው፣ አይበሰብስም። አጥልላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በከረጢት አስራችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር አስወግዱት። 

አክሲሱ ሲስት

አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አዲሱን መነጽር አድርገው ደረጃው ላይ ቆመው «ልጄ፣ መሬቱ ወደ ጎን ዘመም ይልብኛል፣ እግሬን የት ላሳርፍ?» ሲሉ «ይለምዱታል እማማ» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው። አንዳንዴ እውነትም ይለመዳል። ነገር ግን መነጽሩን ተቀብላችሁ ሌንስ ሜትር (የሌንስ ኃይልና አክሲስ መለኪያ) ላይ ሳታስቀምጡ ይህን ቃል አትናገሩ። እኚህ ሰው ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበር ምክንያቱ ከናንተ ጠረጴዛ የተነሳ ሊሆን ይችላል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሲሊንደሩ −2.00 የሆነ ሌንስ 5 ዲግሪ ቢስት ያልታዘዘ 0.35 ገደማ ሲሊንደር ይጨምራል፤ 10 ዲግሪ ቢስት ወደ 0.70 ይደርሳል። 30 ዲግሪ ሲስት የሚተርፈው ስህተት ከሲሊንደሩ ጋር እኩል ነው፣ መነጽሩ ጨርሶ እንዳልተሠራ ማለት ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተፈቀደው ስህተት ለ0.50 ሲሊንደር 7 ዲግሪ፣ እስከ 0.75 ድረስ 5፣ እስከ 1.50 ድረስ 3፣ ከዚያ በላይ 2 ዲግሪ ነው። ሲሊንደሩ በጨመረ ቁጥር ነፃነታችሁ ይጠብባል። ይህን ጽፋችሁ ሌንስ ሜትሩ አጠገብ ለጥፉት።

አክሲስ ሲስት ሦስት ተጠርጣሪ አለ፦ ምልክት ያደረገው ሌንስ ሜትር፣ የለጠፈው ብሎከር፣ የቆረጠው ማሽን። የሚለያቸው ፍተሻ ከአንድ ማርከር በላይ ወጪ የለውም።

በመጀመሪያ ሌንስ ሜትሩን አስመስክሩ። ሲሊንደሩ ቢያንስ −1.50 የሆነ ውድቅ ሌንስ ፈልጉ፣ አክሲሱን 180 ላይ አስተካክላችሁ በሌንስ ሜትሩ ምልክት ማድረጊያ ሦስቱን ነጥብ ምቱ። ከዚያ የሌንሱን የፊት ገጽ ወደ ኋላ ገልብጣችሁ፣ አክሲሱን እንደገና 180 ላይ አስተካክላችሁ ምቱ። አዲሶቹ ነጥቦች በአሮጌዎቹ መስመር ላይ መውደቅ አለባቸው። ነጥቦቹ መስቀለኛ ከሆኑ ምልክት ማድረጊያው ወይም ሌንስ ሜትሩ ተዛብቷል፣ ማሽኑን ለቀቅ አድርጉት።

ይህን ካለፈ ሌንሱን ብሎክ አድርጉ። ከማሽኑ ከመግባቱ በፊት አይታችሁ፣ ሦስቱ ነጥቦች ከብሎኩ አግድም ምልክት ጋር ትክክል ናቸው ወይ? ካልሆኑ ጥፋቱ የብሎከሩ ነው። ትክክል ከሆኑ በማይጠፋ ማርከር ከብሎኩ ጎን ጀምራችሁ በፓዱ ላይ አልፋችሁ ሌንሱ ላይ የሚያርፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። መስመሩ ለብሎኩ ቅርብ ይሁን፤ ራቅ ካለ አብሮ ተፍቆ ይጠፋል። ማሽኑ ላይ ካስገባችሁት በኋላ ሌላ መስመር ከብሎኩ ወደ መያዣው አስምሩ። ከዚያ ጠበብ ያለና ማዕዘን የበዛበት ቅርጽ ምረጡ፤ እንዲህ ያለው ቅርጽ ሌንሱን ይበልጥ ስለሚጠመዝዘው መንሸራተት ካለ ይወጣል። ቁረጡት። ብሎኩን ሳትነቅሉ ተመልከቱት።

በብሎኩና በሌንሱ መካከል መስመሩ ከተሰበረ ሌንሱ በፓዱ ላይ ተንሸራትቷል። በብሎኩና በመያዣው መካከል ከተሰበረ የብሎኩ ጥርስ ወይም የመያዣው ጎድጓዳ አልቋል፤ ብሎኩን በአዲስ ለውጡና ድገሙት። ሁለቱም መስመር ሳይሰበር አክሲሱ ከሳተ፣ በሌላ ሌንስ ድገሙት። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ በእኩል መጠን ከሳቱ፣ አሁን ገና የማሽኑ የአክሲስ ካሊብሬሽን ተጠያቂ ሆነ ማለት ነው።

እንደ ልምዴ ከሆነ ተጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ፓዱ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ፓድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ዋጋውን አውቃለሁ፣ ከአዲስ አበባ ማስመጣቱም አድካሚ ነው፤ ሆኖም ሁለተኛ ጊዜ የተለጠፈ ፓድ ለማትረፍ ከፓዱ ብዙ እጥፍ የሚያወጣ ሌንስ ይጣላል። የሚጣበቀውን ገጽ በጣት አትንኩ። ጥቅሉ ከተከፈተ በኋላ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት፤ የጅማ ክረምት እርጥበቱ ከባድ ነው፣ አቧራም ማጣበቂያውን ይገድለዋል። ሌንሱን በአልኮል ጥረጉ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ለጥፉ፣ እስከ ጫፉ ድረስ እኩል ተጫኑ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን አትጠቀሙ። አብዛኛው ውስጡ አሴቶን ነው፤ አሴቶን ፖሊካርቦኔትን ያደበዝዘዋል፣ ይሰነጥቀዋልም።

ውሃና የጣት አሻራ የማይይዘው ኮቲንግ (ሽፋን) ያለበት ሌንስ ለብቻው የሚታይ ነው። ደንበኛው የሚወደው ያ ማንሸራተቱ ራሱ ነው ፓዱን የሚያንሸራትተው። ለእንዲህ ዓይነቱ መንሸራተት የሚከለክለውን ግልጽ ስቲከር በሌንሱ ሁለት ገጽ ላይ ለጥፉ፣ ፓዱን ከላዩ አድርጉ። ማሽናችሁ ዝግተኛ ወይም ለስላሳ የሚባል የአቆራረጥ ስልት ካለው እሱን ምረጡ። በሌላው ወገን ሌንሱን የሚደግፈውን ጎማም እዩ፤ ከደረቀ ወይም ከለሰለሰ ይለወጥ።

የመጨመድ ኃይልን ማጥበቅ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። ሲጠብቅ መንሸራተቱ ይቆማል፤ ግን መሃሉ ቀጭን የሆነ የማይነስ ሌንስ ይሰነጠቃል፣ ኮቲንጉም ይተረተራል። አንድ እርከን ብቻ ጨምሩ፣ በውድቅ ሌንስ ሞክሩ፣ ሌንሱን ብርሃን ላይ ይዛችሁ መሃሉን ተመልከቱ።

መጠኑ አልገጥም ሲል

ሌንሱ ከፍሬሙ ሲተልቅ ወይም ሲያንስ ብዙ ባለሙያ ወዲያው መጠኑን 0.2 ይቀንስና ይቀጥላል። ለዚያ መነጽር ይሠራ ይሆናል። ምክንያቱ ግን ሳይታወቅ ይቀራል፣ በሚቀጥለውም ይመለሳል።

ትሬሰሩን ከመቁረጫው የሚለየው የክብ ፍተሻ ነው። ማሽኑ ውስጥ ካለው ማህደር ክብ ቅርጽ ምረጡ፣ ለምሳሌ 45 ሚሊሜትር። ቤቨል (ፍሬሙ ቦይ ውስጥ የሚገባው ሹል ጠርዝ) የሌለው ጠፍጣፋ ጠርዝ አድርጋችሁ ከሲአር 39 ቁረጡት። በካሊፐር ከስድስት አቅጣጫ ለኩትና ቁጥሮቹን ጻፉ።

ስድስቱም ቁጥር ተቀራራቢ ሆኖ ሁሉም በእኩል መጠን ከ45 ከበለጠ ወይም ካነሰ፣ የመጠን ማካካሻው ነው የሚስተካከለው። ድንጋይ ሲያልቅ ዲያሜትሩ ስለሚቀንስ ሌንሱ በየጊዜው ትንሽ እየተለቀ መሄዱ ተፈጥሯዊ ነው። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ከ0.1 በላይ ከተለያዩ ክቡ ክብ አይደለም፤ የሚታረመው በቁጥር አይደለም። የሌንስ መንሸራተት፣ የላላ ኩሽኔታ፣ ወይም ሐዲዱ ላይ የተጋገረ ፍቅፋቂ አለ። ሲአር 39 ልክ ሆኖ ፖሊካርቦኔት ብቻ ከሳተ የዚያ ቁስ የራሱ ማካካሻ ነው፤ ሌላውን አትንኩ። ክቡ ፍጹም ልክ ሆኖ ፍሬም ላይ ብቻ የማይገጥም ከሆነ ደግሞ መቁረጫው ነፃ ነው፣ ወደ ትሬሰሩ ሂዱ። ጠፍጣፋው ከተስተካከለ በኋላ በቤቨል ድገሙት፣ ሁለቱ የተለያየ ቅንብር አላቸው።

ማካካሻ ስትቀይሩ በ0.05 ወይም በ0.1 ሚሊሜትር ሂዱ። ዲያሜትሩ 0.1 ሲቀንስ ዙሪያው በ0.3 ገደማ እንደሚቀንስ አስታውሱ፤ ቁጥሩ ጥቂት ይመስላል እንጂ ፍሬም ውስጥ ሲገባ ይሰማል። አንዳንዱ ማሽን ቁጥሩን በዲያሜትር፣ አንዳንዱ በሬዲየስ ነው የሚወስደው፤ ከማኑዋሉ አረጋግጡ።

ትሬሰሩ ላይ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከፍሬሙ ነው። የፍሬሙ ቡሎን ከላላ ቅርጹ ሰፍቶ ይነበባል፤ በካቻቪቴ አጥብቃችሁ አንብቡ። ፕላስቲክ ፍሬም መያዣው ሲጫነው ይጣመማል። የዱሮ ፍሬም ቦይ ውስጥ የተጠራቀመ እድፍ የመለኪያውን ጫፍ ያነሳዋል፤ በጥርስ ብሩሽ ጥረጉት። ከማሽኑ ጋር የመጣውን የካሊብሬሽን ቀለበት ደግሞ በመሳቢያ ውስጥ ከቡሎንና ከፒንሳ ጋር አታንከራትቱት። ከተጫረ ወይም ከጎበጠ በስንት ገንዘብ የተገዛው ትሬሰር የሚታመንበት ነገር አይኖርም።

ጠርዙ ሲሸራረፍ፣ ሲቃጠል፣ ሲጎረብጥ

ውሃው ደህና ሆኖ ጠርዙ ከተሸራረፈ ድንጋዩን እዩት። በጣት ሲዳሰስ እንደ ብርጭቆ ከለሰለሰ የአልማዙ ቅንጣት በፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ መሳል ያስፈልገዋል። ይህም በተለይ ፕላስቲክ ለብርጭቆ በተሠራ ድንጋይ ላይ ሲፋቅ ይብሳል። ብርጭቆ ሌንስ ለፕላስቲክ በተሠራ ድንጋይ ላይ ሲቆረጥ ደግሞ ድንጋዩ ይበላል፣ ያ በመሳል አይመለስም። ማሽኑ ላይ የቁሱን ዓይነት ሳትመርጡ ጀምር የሚለውን አትጫኑ።

ለመሳል ከማሽኑ ጋር የሚመጣውን ነጭ የመሳያ ዘንግ ተጠቀሙ፤ ሻካራው ለመፋቂያ ድንጋይ፣ ለስላሳው ለማጠናቀቂያው ነው፣ አታቀያይሩ። ዘንጉ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ይቆይ። የዓይን መከላከያ አድርጉ። የማሽኑን የመሳያ ስልት አስጀምሩ፤ ይህ ስልት ድንጋዩን በሚፈቀደው ፍጥነትና ውሃ ያዞረዋል። ዘንጉን በቀስታ፣ ሳትገፉ፣ በድንጋዩ ስፋት ሙሉ እኩል አስነኩት። ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ማጠናቀቂያው ላይ ያለው የቤቨል ቦይ ስለታም ማዕዘን ስላለው ዘንጉን እዚያ ላይ መጫን ቦዩን ያደነዝዘዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣ ሌንስ ሁሉ ከፍሬሙ ይወልቃል። ማሽናችሁ የመሳያ ስልት ከሌለው ሥራውን ለቴክኒሻን ተዉት።

መሳል ድንጋዩን ይበላል፣ ስለዚህ ልማድ አይሁን። ከሳላችሁ በኋላ የክብ ፍተሻውን ድገሙ፣ መጠኑ ትንሽ ተለውጦ ታገኙታላችሁ።

ቤቨሉ ቦታውን ስቶ ሌንሱ ከፍሬሙ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከወጣ፣ የሌንሱን ውፍረት የሚዳስሱትን ሁለት ክንዶች አጽዱ። ጫፋቸው ላይ የተጣበቀ ፍቅፋቂ ማሽኑን ያሳስተዋል። ከጎበጡ አታቅኗቸው።

ድምፅ

ሶኬቱን ነቅላችሁ ድንጋዩን በእጅ አዙሩት። ከሸካከረ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዘ ኩሽኔታው ነው። ሲነሳ ጢጢ የሚል፣ ሥራ ሲከብደው የሚጮህ ከሆነ ቺንጋው ላልቷል ወይም አልቋል። ሁለቱም በሚገባ ልክ መተካት ስላለባቸው ከመካኒክ ሱቅ የተገኘ ተመሳሳይ ዕቃ አታስገቡ፤ ድንጋዩ የሚዞርበት ዘንግ በትንሹ ቢዛባ ቀሪው ክፍል ሁሉ ይከተለዋል። እዚህ ላይ የእናንተ ሥራ ያበቃል።

ቴክኒሻን መጥራት ሲያስፈልግ

«ማሽኑ እምቢ አለ» ብሎ መደወል አንድ ጉዞ ያባክናል። ከመደወላችሁ በፊት የማሽኑን ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር፣ የስህተቱን ቁጥር ፎቶ፣ የክብ ፍተሻውን ስድስት ቁጥሮች፣ መስመር የተሰመረበትን ሌንስ ፎቶ፣ የለካችሁትን ቮልቴጅ አዘጋጁ። ድምፅ ካለ በቴሌግራም ቪዲዮ ላኩለት፤ ጥሩ ቴክኒሻን ኩሽኔታን ከቺንጋ በድምፁ ይለያል፣ የሚለወጠውን ዕቃም ይዞ ይመጣል። ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደተለወጠ፣ አዲስ ፓድ፣ አዲስ የሌንስ ዓይነት፣ የጠረጴዛ መዛወር፣ ሁሉንም ንገሩት። ማሽኑ የተዘዋወረ ከሆነ ጠረጴዛው ውኃ ልክ መሆኑን ቀድማችሁ እዩ።

ወደ ሥራ ስትመልሱት

ከጥገና በኋላ የደንበኛ ሌንስ የመጀመሪያው አይሁን። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ በሲአር 39 ጠፍጣፋ ክብ፣ ከዚያ ቤቨል ያለው ክብ፣ ከዚያ ሲሊንደር ባለው ውድቅ ሌንስ የመስመር ፍተሻ፣ መጨረሻ ላይ አንድ የቆየ ፍሬም በትሬሰር አንብቦ ግራና ቀኙን ቆርጦ መግጠም። አራቱም ልክ ሲወጡ ተራ የንባብ መነጽር ሥሩ። ከፍተኛ ሲሊንደርና ውድ ኮቲንግ ያለበትን ትዕዛዝ እነዚህ ደህና መውጣታቸውን ካያችሁ በኋላ አስከትሉ። ለጥቂት ቀናትም እያንዳንዱን ሌንስ ለደንበኛው ከመስጠታችሁ በፊት ሌንስ ሜትር ላይ አክሲሱንና መሃሉን ለኩ። መሃል 3 ሚሊሜትር ሲስት ኃይሉ 4.00 በሆነ ሌንስ ላይ 1.2 ፕሪዝም (ምስሉን ከቦታው የሚገፋ ስህተት) ይፈጠራል፣ ራስ ምታት ለማምጣት ይበቃል።

ለበዓል ወይም ለጥቂት ቀን ሱቁን ስትዘጉ ውሃውን አፍስሱ፣ ባልዲዎቹን እጠቡ፣ ፓምፑን በንጹሕ ውሃ ለአንድ ደቂቃ አስነስታችሁ አውጡት። የመቁረጫውን ክፍል በስፖንጅ ጥረጉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ውስጡ እንዲደርቅ ክዳኑን ክፍት ተዉት፤ የደረቀ ፍቅፋቂ እንደ ሲሚንቶ ስለሚጠነክር በማግስቱ ከማላቀቅ የዛሬ ማጠብ ይቀልላል።